ኢባታን ዋና አሰልጣኝ ያደረገው እግሩ ነው ወይስ ዓይኑ?

ሾርትስቶፕ_ከቶኪዮ (ክሩን የከፈተ)
ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ አባላት። የጃፓን የቤዝቦል ብሔራዊ ቡድን በዓለም አቀፉ የፕሪሚየር 12 ውድድር ፍጻሜ በታይዋን 4 ለ 0 ከተሸነፈ ወዲህ ስለ ዋና አሰልጣኙ ስለ ሂሮካዙ ኢባታ በየቦታው የሚጻፈውን ስከታተል ሰንብቻለሁ። ብዙዎቹ ጸሐፊዎች ሰውየው አምና ከሰማይ ዱብ ያለ ይመስል የተጫዋችነት ዘመኑን ጨርሶ አያነሡትም። እኔ ደግሞ ዛሬ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ሾርትስቶፕ ሳለ ከሠራው ሥራ የተቀዳ ነው ብዬ ስለማምን፣ ጉዳዩን ከሥሩ እንድንወያይበት ይህን ክር ከፍቻለሁ። ጽሑፉ ከተለጠፈበት ቀን በቀር ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ኢባታ በግንቦት 1975 በካዋሳኪ ከተማ ተወለደ። የተማረው በሆሪኮሺ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ይህ ትምህርት ቤት በጃፓን ከስፖርተኞቹ ይልቅ በወጣት ተዋንያንና ዘፋኞች ተማሪዎቹ ይታወቃል። ከዚያ በአጂያ ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ በ1997 ድራፍት (የሚጠጣውን አላልሁም፤ ክለቦች ጀማሪ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበትን ሥርዓት ነው) የናጎያው ክለብ ቹኒቺ ድራጎንስ በአምስተኛው ዙር ወሰደው። በዚያው ድራፍት የክለቡ የመጀመሪያ ምርጫ የነበረው ፒቸር (ኳሱን ለመቺው የሚወረውረው ተጫዋች) ኬንሺን ካዋካሚ በ1998 የሊጉ ምርጥ ጀማሪ ተብሎ ሲሸለም፣ ቁመቱ 173 ሳንቲሜትር የሆነው ኢባታ ግን አብዛኛውን ጊዜውን በሁለተኛው ቡድን ነበር ያሳለፈው። ይባስ ብሎ በ1999 እርሱ በሚጫወትበት ቦታ ኮሱኬ ፉኩዶሜ የተባለ ትልቅ ስም ያለው ወጣት መጣ። የፉኩዶሜ ዱላ አያሳፍርም፤ በሾርትስቶፕ ግን እጁ ስለማያስተማምን ውሎ አድሮ ወደ ውጭኛው ሜዳ ተዛወረ። ኢባታ በ2000 ወደ ቦታው መግባት ጀመረ፤ ከ2001 ወዲህ ግን የሚነቀንቀው አልተገኘም።

የቀረውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እርሱ ሾርትስቶፕ፣ ማሳሂሮ አራኪ ሰከንድ ቤዝ ሆነው ከ2004 እስከ 2009 ለስድስት ተከታታይ ዓመታት የየቦታቸውን የወርቅ ጓንት ሽልማት (በመከላከል ለላቀ ተጫዋች የሚሰጠውን) አብረው ወሰዱ። የጃፓን ሰው ሁለቱን ስሞች አቀላቅሎ «አራ-ኢባ» ይላቸው ነበር። ቡድኑ በሂሮሚትሱ ኦቺያይ መሪነት በ2004፣ በ2006፣ በ2010ና በ2011 የሴንትራል ሊግ (ከጃፓን ሁለት ሊጎች አንዱ) ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2007 ደግሞ በሊጉ ሁለተኛ ቢወጣም ከ53 ዓመት በኋላ የመላ ጃፓንን ዋንጫ አነሣ።

የእኔ ሐሳብ ባጭሩ ይኸው፦ ኢባታ ኳሱ ከመመታቱ በፊት ሥራውን የሚጨርስ ተጫዋች ነበር፤ አሁንም የሚያሰለጥነው እንደዚያው ነው። የምትቃወሙ ካላችሁ በማስረጃ ኑ።

ለሜዳው_አዲስ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን በደስታ ነው ያነበብሁት፤ ነገር ግን እኔ ያደግሁት በእግር ኳስ ስለሆነ «ሾርትስቶፕ» የሚለው ቃል ራሱ ግር ይለኛል። ይህ ሰው ሜዳው ላይ የት ነው የሚቆመው? ኳስ የሚመጣለትስ ስንት ጊዜ ነው? እንደ በረኛ ነው ወይስ እንደ ተከላካይ? ብታስረዱኝ የቀረውን ክር እከተላለሁ።

ማርታ_ናጎያ
ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጥያቄህ ተገቢ ነው። ሯጩ በተራ እየረገጠ የሚያልፋቸው ቤዞች አራት ናቸው፤ ከአንዱ ቤዝ እስከ ሌላው 27 ሜትር ከግማሽ ያህል ይርቃል። ሾርትስቶፕ የሚቆመው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል፣ ከመስመሩ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ነው። አብዛኛው ሰው ቀኝ እጅ በመሆኑ መሬት ለመሬት የሚመታው ኳስ በብዛት ወደዚያ አቅጣጫ ይመጣል። መቺው ኳሱን ነክቶ አንደኛው ቤዝ ለመድረስ አራት ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። በዚያች ጊዜ ውስጥ ሾርትስቶፑ ኳሱ ዘንድ መድረስ፣ መያዝ፣ ከጓንቱ ወደ ቀኝ እጁ ማዛወርና ሜዳውን አቋርጦ መወርወር አለበት። ኳሱ አንድ ጊዜ ከእጁ ቢንሸራተት፣ ወይም አንዲት እርምጃ ቢዘገይ፣ ሯጩ ይደርሳል። በእግር ኳስ የሚመስለው አላገኘሁም፤ ምናልባት መሐል ተከላካይና አማካይ አንድ ሰው ላይ ቢጫኑ ነው።

አሁን ወደ አራኪና ወደ ኢባታ። በ2009 በናጎያ ዶም የላይኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ ያየሁትን ልንገርህ። የላይኛው ወንበር ርካሽ ነው፤ ግን የውስጠኛው ሜዳ አሠራር እንደ ካርታ ወለል ብሎ የሚታየው ከዚያ ነው። ኳሱ በፒቸሩ አጠገብ አልፎ ቀጥታ ወደ መሐል ተመታ። አራኪ ከሁለተኛው ቤዝ ጀርባ ተወርውሮ ያዘው። ነገር ግን ሩጫው ሰውነቱን ወደ ግራው ሜዳ እየጎተተው ስለነበር ዞሮ ወደ አንደኛው ቤዝ መወርወር አይችልም፤ ቢዞርም ጊዜው ያልፋል። እኔ «አመለጠ» ብዬ ዓይኔን ወደ ሯጩ ስመልስ፣ አራኪ ኳሱን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ከጓንቱ ሽቅብ ወረወረው። ኢባታ እዚያው ነበር። ከተቃራኒው አቅጣጫ እየሮጠ ስለመጣ ሰውነቱ ወደ አንደኛው ቤዝ የዞረ ነበር፤ በባዶ እጁ ቀልቦ ወረወረ፤ ሯጩ አውት፣ ማለትም ተራው አበቃ።

ያኔ የገረመኝ ውርወራው አልነበረም። ኢባታ ኳሱ በማይመጣለት ቦታ ለምን ይሮጣል? የአራኪ ኳስ እንደሆነ ከመጀመሪያው ግልጽ ነበር እኮ። አራኪ ኳሱን ያዘውም አልያዘው፣ እርሱ መድረሻው ላይ መገኘት ስላለበት ነው የሮጠው። አራኪ ባይዘው ኖሮ ያን ሩጫ ማንም አያስተውለውም ነበር።

የኦሪዮልስ_ደጋፊ (ሜሪላንድ)
ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኅቴ ማርታ ግሩም አድርጋ ተርካዋለች፤ እኔ ግን ቀዝቃዛ ውሃ ላፍስስበት። የጃፓን የወርቅ ጓንት ሽልማት በጋዜጠኞች ድምፅ የሚሰጥ ነው። ጋዜጠኛ ደግሞ አምና የመረጠውን ዘንድሮም መምረጥ ይወዳል፤ የሚያሸንፍ ቡድን ተጫዋች ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስድስት ዓመት በተከታታይ መሸለም ስድስት ዓመት በተከታታይ ምርጥ መሆን ማለት አይደለም።

ዱላውንም እንይ። ኢባታ በ18 የጨዋታ ዘመናት 1,896 ጨዋታ ተጫውቶ 1,912 ሂት (በምቱ ቤዝ የደረሰበት)፣ 56 ሆምራን (ከአጥር ውጭ የወጣ ምት) እና .281 አማካይ ውጤት (ከአሥር ሙከራ ወደ ሦስት የሚጠጋ ሂት) አስመዘገበ። በዓመት ሦስት ሆምራን ማለት ነው! ታማኝ ሠራተኛ እንደነበር አልክድም፤ ነገር ግን አገር የሚመራ አሰልጣኝ ከዚህ ይወጣል ማለት ሌላ ነገር ነው። ባንት እየተጫወተ ያደገ ሰው በአሰልጣኝነቱም ባንት ነው የሚያስበው። ለሜዳው_አዲስ፣ ባንት ማለት ዱላውን ሳያወዛውዙ ኳሱን አስነክቶ ከፊት ጣል ማድረግ ነው፤ መቺው ራሱ አውት ይሆናል፣ ጓደኛው ግን አንድ ቤዝ ይራመዳል።

ሾርትስቶፕ_ከቶኪዮ
ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ስለ ጋዜጠኞቹ ያሉትን እቀበላለሁ፤ የሆምራኑን ቁጥር ግን ለብቻው ማየት አይገባም። ኢባታ ሁለተኛ መቺ ነበር፤ ከፊቱ የሚመታው ራሱ አራኪ ነው። አራኪ አንደኛው ቤዝ ላይ ከደረሰ ለመስረቅ፣ ማለትም ምት ሳይጠብቅ ወደ ቀጣዩ ቤዝ ለመሮጥ፣ ይነሣል። እርሱ ሲነሣ ከተጋጣሚው የውስጥ ተጫዋቾች አንዱ ሁለተኛውን ቤዝ ለመሸፈን ቦታውን ይለቃል፤ በቀኝ በኩል ክፍተት ይፈጠራል። ቀኝ እጅ መቺ እንደ ልማዱ ወደ ግራ ቢመታ ኳሱ ሾርትስቶፑ እጅ ገብቶ ሁለቱም አውት ሊሆኑ ይችላሉ። ኢባታ ግን ኳሱን እስኪቀርበው ታግሦ፣ የዱላውን እጀታ አስቀድሞ ጫፉን አዘግይቶ ወደ ቀኝ ያሾልከዋል። ሂት ከሆነ አራኪ ሦስተኛው ቤዝ ላይ ነው፤ ባይሆንም አራኪ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዷል። እስከዚያ ድረስ የማይፈልገውን ኳስ በዱላው እየነካ ወደ ውጭ ያወጣል፤ ፒቸሩ ይደክማል፣ አራኪም የሚሰርቅበትን ጊዜ ያገኛል። ይህን ሁሉ 56 የሚለው ቁጥር አይነግረንም።

ናጎያ ዶምም ሰፊ ነበር፤ በዚያ ሜዳ ሆምራን መቁጠር ክረምት ላይ ጤፍ እንደማስጣት ነበር። ኦቺያይ ራሱ ሦስት ጊዜ በሊጉ የሆምራን፣ የአማካይ ውጤትና ነጥብ የማስገባት አንደኝነትን ጠቅልሎ የወሰደ ኃይለኛ መቺ ነበር። ቡድኑን ሲይዝ ግን በዚያ ሜዳ የሚያሸንፈው በፒቸርና በመከላከል እንደሆነ ገባውና በአራኪና በኢባታ ዙሪያ ሠራው።

ማርታ_ናጎያ
ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ስለ ዱላው ከተነሣ መጋቢት 8 ቀን 2013ን መዝለል ነውር ነው። በቶኪዮ ዶም በዓለም ቤዝቦል ክላሲክ ሁለተኛ ዙር፣ ጃፓን ከታይዋን ጋር። ዘጠነኛውና የመጨረሻው ኢኒንግ (ዙር)፣ ሁለት አውት፣ ጃፓን 3 ለ 2 ትመራለች፤ ማለቴ ትመራ የነበረችው ታይዋን ናት፣ ይቅርታ። አንደኛው ቤዝ ላይ ታካሺ ቶሪታኒ ቆሟል። አንዲት አውት ጨዋታውን ትጨርሰዋለች፤ በዚያ ሰዓት ቤዝ ለመስረቅ መነሣት እብደት ነው። ቶሪታኒ ግን ተነሣ፣ ደረሰም። ኢባታ 37 ዓመቱ ነበር። አንድ ኳስ ሲቀረው ወደ መሐል ሜዳ ሰደደው፤ ቶሪታኒ ገባ፣ 3 ለ 3 ሆነ። በአሥረኛው ኢኒንግ ሾ ናካታ ከፍ አድርጎ በመታው ኳስ አንድ ሰው ገብቶ ጃፓን 4 ለ 3 አሸነፈች። ኢባታ በዚያ ውድድር ምርጥ ቡድን ውስጥ በተመደበ መቺነት (ሳይከላከል ለመምታት ብቻ በሚገባ ሰው ቦታ) ተመርጧል። በናጎያ ያኔ ስለ ሌላ ነገር የሚያወራ ሰው አልነበረም።

የኦሪዮልስ_ደጋፊ (ሜሪላንድ)
ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከዚያ ዘጠኝ ቀን በኋላ የሆነውን ግን ማንኛችሁም አታነሡም። ሳን ፍራንሲስኮ፣ ግማሽ ፍጻሜ፣ ከፖርቶ ሪኮ ጋር። ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ ቶሪታኒ ሦስተኛው ቤዝ የሚያደርስ መትቶ፣ ኢባታ በሂት አስገባውና 3 ለ 1 ሆነ፤ እስከዚህ መልካም። ሴይቺ ኡቺካዋም ሂት መታ። ኢባታ ሁለተኛው ቤዝ፣ ኡቺካዋ አንደኛው ቤዝ፣ የሚመታው የቡድኑ አራተኛና ዋናው መቺ ሺንኖሱኬ አቤ። ኢባታ ለመስረቅ ጥቂት እርምጃ ተራምዶ ቆመ። ከኋላው ያለው ኡቺካዋ አንገቱን ደፍቶ ሁለተኛው ቤዝ ድረስ ሮጠ። ቀና ሲል ኢባታ ከፊቱ ቆሟል። ኡቺካዋን ነክተው አወጡት፤ የጃፓን ዕድል በዚያው ተዳፈነ፤ ጨዋታው 3 ለ 1 አለቀ። በዓይኑ የሚያነብ፣ አስቀድሞ የሚያስብ የምትሉት ሰው በዘመኑ ትልቁ የሩጫ ስህተት መሐል ላይ ነው የቆመው።

ሾርትስቶፕ_ከቶኪዮ
ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ይህን እንደሚያመጡት አውቄ ነበር። ከአሰልጣኝ ኮጂ ያማሞቶ ወንበር የተሰጠው ምልክት «ስረቁ» የሚል አልነበረም፤ «መሄድ ከቻላችሁ ሂዱ» የሚል ነበር። እንዲህ ያለ ምልክት ውሳኔውን ለፊተኛው ሯጭ ይተዋል። ኢባታ አነሣሡ እንደዘገየ ሲሰማው ተመለሰ። በራሱ በኩል ልክ ነበር። ኡቺካዋ ጥፋቱን በራሱ ላይ ወስዶ አልቅሷል። እኔ ግን ጥፋቱን ከሁለቱም ሯጮች ይልቅ በምልክቱ ላይ አያለሁ፤ ከአራኪ ጋር ዓሥር ዓመት የተጫወተ ሰው በዚያ ምልክት ይግባባ ይሆናል፣ ለውድድር የተሰበሰበ ብሔራዊ ቡድን ግን ያንን መግባባት በሁለት ሳምንት አያገኝም።

የኦሪዮልስ_ደጋፊ (ሜሪላንድ)
ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር አሳምኖኛል። የቀረው አላሳመነኝም።

ልጆች_አሰልጣኝ
ታኅሣሥ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘግይቼ ገባሁ። እኔ በትርፍ ጊዜዬ ዓሥር ዓመት የሞላቸው ልጆች አሰለጥናለሁ፤ ከሁሉ በላይ የሚያብሰለስለኝ ኦቺያይ በ2010 ያደረገው ነገር ነው። በአገሩ አቻ ያልነበራቸውን ሁለት ሰዎች ቦታ አቀያየራቸው፤ አራኪን ወደ ሾርትስቶፕ፣ ኢባታን ወደ ሰከንድ ቤዝ። ሰው ሁሉ አበደ ነው ያለው። የወርቅ ጓንቱ ዘመን በዚያው ተቋረጠ። አራኪ ትከሻው እያመመው ከሩቅ መወርወር ከበደው፣ ስህተቱም በዛ። ኢባታም በዚያ ዓመት ዓይኑን ታሞ አብዛኛውን ጨዋታ ሳይሰለፍ ቀረ። ታዲያ ለምን አደረገው?

የኦቺያይ ምክንያት፣ እንደተረዳሁት፣ ሁለቱም ልምዳቸው ሲበዛ ኳሱን በእግራቸው መከተል ትተው በዓይናቸው መከተል ጀምረዋል የሚል ነበር። ይህን አባባል ያገኘሁት ልጆች ማሰልጠን በጀመርሁበት ሰሞን ስለነበር ወዲያው ነው የገባኝ። ጥሩ ተጫዋች ኳሱ የት እንደሚደርስ አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ካወቀ በኋላ አንድ እርምጃ ይሰስታል። ያቺ እርምጃ በቁጥር አትታይም፤ ተመልካችም አያያትም፤ ይደርሳል ብሎ ያላሰበውን ኳስ «አልደረሰም» ብሎ አይወቅስምና። ኦቺያይ ግን በየቀኑ ከአንድ ቦታ ተቀምጦ ስለሚያይ አያት። ሁለቱን ወደማያውቁት ቦታ ማዛወር እንደገና በእግራቸው እንዲጫወቱ ማስገደድ ነበር።

ክለቡ በ2010ም በ2011ም የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። በ2012 አዲሱ አሰልጣኝ ሞሪሚቺ ታካጊ (በዘመኑ ኳሱን ወደ ኋላው ሳያይ በመወርወር የታወቀ የዚያው ክለብ ሰከንድ ቤዝ) ኢባታን ወደ ሾርትስቶፕ ሲመልሰው፣ በ37 ዓመቱ ሰባተኛውን የወርቅ ጓንት ወሰደ። ስለዚህ የክሩ ርእስ የጠየቀውን ጥያቄ ኦቺያይ ቀድሞን መልሶታል ባይ ነኝ፤ ችግሩ የተፈጠረው ዓይኑ እግሩን ሲቀድመው ነው።

ማርታ_ናጎያ
ታኅሣሥ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣ በዚህ አልስማማም። አራኪ ላይ የደረሰው ሥቃይ ቀላል አልነበረም፤ ሻምፒዮንነቱንም ያመጣው የቦታው መቀያየር ሳይሆን የፒቸሮቹ ጥራት ነው። አንድ ውሳኔ ከድል ጋር ስለገጠመ ብቻ ድሉን አመጣ አይባልም።

ይህ ኦቺያይ በኋላም ከኢባታ ጋር ዳግም ተገናኝቷል። በ2013 መከር ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ሲመለስ፣ ክለቡ ለኢባታ ያቀረበው የደመወዝ ቅነሳ በደንቡ ከተፈቀደው ጣራ እጅግ ያለፈ ነበር። የጃፓን ደንብ ከ100 ሚሊዮን የን በላይ ለሚያገኝ ተጫዋች የቅነሳውን ጣራ 40 በመቶ ያደርገዋል፤ ከዚያ ካለፈ ተጫዋቹ እምቢ ብሎ ነጻ መውጣት ይችላል። ኢባታም እምቢ አለና 16 ዓመት የተጫወተበትን ክለብ ትቶ ቀንደኛ ተቀናቃኛችን ወደሆነው ወደ ዮሚዩሪ ጃያንትስ ሄደ። በናጎያ 6 ቁጥር የታተመበት ማሊያ ያለው ሰው ሁሉ ምን ያደርገው እንደነበር አላውቅም፤ እኔ የእኔን አጥፌ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ሾርትስቶፕ_ከቶኪዮ
ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ስለ አሰልጣኝነቱ ከመጻፌ በፊት አንድ ነገር። በጃፓን 2,000 ሂት የደረሰ መቺ የክብር ማኅበር ውስጥ ይገባል፤ አራኪ በ2017 ደርሶበታል። ኢባታ ግን በ2015 መጨረሻ፣ 88 ሂት ሲቀረው አቆመ። በዚያው መከር ከእርሱ ጋር በአንድ ዓመት የተወለደው የጃያንትሱ ዮሺኖቡ ታካሃሺ ተጫዋችነቱን ትቶ ዋና አሰልጣኝ ሆነ፤ ኢባታም የውስጠኛው ሜዳ መከላከልና የሩጫ አሰልጣኝ ሆኖ ከጎኑ ቆመ። ሁለት ዓመት ታግሎ 88ቱን መልቀም ይችል ነበር ብለው የሚቆጩለት ብዙ ናቸው፤ እኔም አንዱ ነኝ።

በጃያንትስ ያገኘው ሾርትስቶፕ ሃያቶ ሳካሞቶ ነበር። ሳካሞቶ 186 ሳንቲሜትር ነው፤ በዱላው ከጥቂት ዓመታት በፊት ጀምሮ ዝነኛ፣ በጓንቱ ግን የሚታማ። ኢባታ አሰልጣኝ በሆነበት በ2016 ሳካሞቶ የመጀመሪያውን የወርቅ ጓንት ወሰደ፣ በዚያው ዓመት በአማካይ ውጤትም የሊጉ አንደኛ ሆነ። ማርታ እንዳለችው፣ ገጠመ ማለት አመጣ ማለት አይደለም፤ ሳካሞቶም ያኔ 27 ዓመቱ ስለነበር በራሱም የበሰለ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ከዚያ በኋላ በሾርትስቶፕነት አራት ጊዜ ደግሞታል።

ከጃያንትስ ጎን ለጎን በብሔራዊ ቡድኑ ከአትሱኖሪ ኢናባ ጋር ሠራ፤ በ2019 የፕሪሚየር 12ን ዋንጫ፣ በ2021 ዮኮሃማ ላይ ዩናይትድ ስቴትስን 2 ለ 0 አሸንፎ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው ቡድን አሰልጣኞች አንዱ ነበር። ሾርትስቶፑ ሳካሞቶ ነበር። ከዚያ በ2022 ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት ያልዘለለ ልጆችን ብሔራዊ ቡድን ያዘ። ከኦሊምፒክ ወርቅ በኋላ ወደ ሕፃናት መውረድ ለብዙ ሰው ክብር መቀነስ ነው፤ እርሱ ግን ሄደ። በጥቅምት 2023 የዋናው ቡድን አሰልጣኝ ሆኖ ሲሾም በዋና አሰልጣኝነት የያዘው አንድም የሊግ ክለብ አልነበረም።

የኦሪዮልስ_ደጋፊ (ሜሪላንድ)
ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩም እዚህ ላይ ነው። ክለብ መርቶ የማያውቅ ሰው ፒቸር መቼ እንደሚቀየር የት ይማራል? በኅዳሩ ፍጻሜ አምስተኛው ኢኒንግ ላይ ሾሴይ ቶጎ ለታይዋኑ ኳስ ተቀባይ ሆምራን ሰጠ። አንድ ነጥብ ነው፣ ይሁን። ከዚያ ግን ሁለት ሰው ቤዝ ላይ ሲቀመጥም ኢባታ አልተነሣም። ቼን ጂየሲየን ሦስት ነጥብ የሚያስገባ ሆምራን መታ፤ በዚያ ዓመት በአገሩ ሊግ አንድም ሆምራን ያልመታ ሰው! ጃፓን ከ2019 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ውድድር 27 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፋ የነበረው በዚያ ምሽት ቆመ። ማረፊያው ክፍል ውስጥ ትኩስ ፒቸሮች ሞልተው ነበር። ይህ አስቀድሞ ሥራውን የሚጨርስ ሰው ነው?

ማርታ_ናጎያ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ የቶጎን ነገር አልከራከርዎትም። ዘግይቷል። ግን ያንኑ አሰልጣኝ በአንድ ዓመት ቀደም ብሎ ይዩት። ኅዳር 19 ቀን 2023፣ ያው ቶኪዮ ዶም፣ የእስያ ሻምፒዮና ፍጻሜ፣ ከኮሪያ ጋር 2 ለ 2፣ አሥረኛው ኢኒንግ። በደንቡ ሁለት ሯጮች ቤዝ ላይ ቆመው ይጀመራል። ኮሪያ አንድ አስገብታ 3 ለ 2 መራች። የጃፓን ተራ ሲደርስ ኢባታ ዩቶ ኮጋን ከወንበር አስነሥቶ አስገባው፤ ባንት እንዲያደርግ ብቻ። ኮጋ ኳስ ተቀባይ ነው፤ ቀዝቃዛ እጁን ይዞ ከወንበር ተነሥቶ፣ ሁሉም ሰው ባንት እንደሚያደርግ እያወቀ፣ ኳሱን ማስቀመጥ ነበረበት። አስቀመጠው። ሾጎ ሳካኩራ ከፍ አድርጎ መትቶ አንዱን አስገባ፤ ቀጣዩን መቺ ሆን ብለው በነጻ አሳለፉት፤ ከዚያ ሾርትስቶፑ ማኮቶ ካዶዋኪ ወደ ግራ መትቶ 4 ለ 3 አለቀ። ካዶዋኪ ያኔ የመጀመሪያ ዓመቱ ነበር።

እርስዎ ባንት የሚያስብ አሰልጣኝ ብለው የነቀፉት ይህንኑ ነው። በአንድ ነጥብ ልዩነት ያስገኘውን ዋንጫ ግን አልነቀፉትም።

ስለ ፍጻሜውም አንድ ነገር ልጨምር። ታይዋኖች ከፍጻሜው በፊት በነበረው ምሽት ሊያስጀምሩት የነበረውን ፒቸር ሊን ዩሚንን ቅጣት ከፍለው አሳረፉትና ለፍጻሜው አዋሉት፤ አራት ኢኒንግ አንድም ነጥብ ሳይሰጥ ወጣ። ቼን ደግሞ ሁለተኛ ደረጃን የተማረው እዚሁ ጃፓን፣ ኦካያማ ነው። አስቀድሞ ሥራን መጨረስን እኛ ብቻ አናውቅም ለማለት ነው።

የኦሪዮልስ_ደጋፊ (ሜሪላንድ)
ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፒቸሩን በቅጣት ማሳረፋቸውን አላውቅም ነበር። ተምሬያለሁ። በ2026 የዓለም ክላሲክ ግን ፒቸር ሲያዘገይ ካየሁት ይህን ክር ፈልጌ እመለሳለሁ።

ለሜዳው_አዲስ
ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክርክራችሁን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ እኅቴ ማርታ የነገረችንን የአራኪንና የኢባታን አጨዋወት ቪዲዮ ፈልጌ አየሁት። በመጀመሪያ ኳሱን ነው የተከተልሁት፤ አራኪ ያዘ፣ ወረወረ፣ ኢባታ ቀለበ፣ ወረወረ፤ ጎበዞች ናቸው አልሁ። ሁለተኛ ጊዜ ኳሱን ትቼ ኢባታን ብቻ ልይ ብዬ ወሰንሁ። አልቻልሁም። ካሜራው ኳሱን ስለሚከተል ኢባታ ምስሉ ውስጥ የሚገባው ሮጦ ሊደርስ ሲል ነው፤ ከቆመበት እንዴት እንደተነሣ አይታይም። አራት የተለያዩ ቪዲዮዎች ሞከርሁ፤ በአራቱም እንደዚያው ነው። ከላይኛው ወንበር ሆኖ ሜዳውን በሙሉ የቀረጸ ሰው ካለ፣ እነዚያን የመጀመሪያ ሦስት አራት እርምጃዎች ማየት ስለምፈልግ እባካችሁ እዚህ ለጥፉልኝ።